የቆየ ኦቶሞቢልን ጉልበት ስለ መጨመር

(አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለሳይንስ ክበብ አባሎች ያደረገው ንግግር)





 የመረጥሁት አርእስት ስለ ኦቶሞቢል ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር በ1960ዎቹ ዓመታት ተሠርተው እስከ ዛሬ የሚነዱትን ባለ ትልቅ ሞተር ኦቶሞቢሎች፣ በቡሎን እየታሰሩ በሚገጠሙ ዕቃዎች ጉልበታቸውን ስለ ማሻሻል ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ምናልባት ከመካከላችሁ «እንዲህ ያለ መኪና በመንገዳችን ላይ ስንት ጊዜ አይተን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሞተር በአሜሪካም ሆነ በኢትዮጵያ የሚታዘዘው ለአንድ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ሕጉም በፊዚክስ ክፍላችን የምንማረው ነው። ከዚህም በላይ በነገሩ ውስጥ ለወጣት ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለበት። ጉልበት መጨመር አያስቸግርም፤ አንዱን ቡሎን ፈትቶ ሌላውን ማሰር ነው። የሚከብደው ጉልበቱ የት ላይ ታፍኖ እንደ ቀረ ማወቅና፣ ከተለቀቀም በኋላ የሚገታውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በመጀመሪያ እነዚህ ኦቶሞቢሎች ምን እንደ ሆኑ ባጭሩ ልግለጽ። አሜሪካኖች «ማስል ካር» ይሏቸዋል፤ ባለ ጡንቻ መኪና ማለት ነው። የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ፖንቲያክ ለ1964 ዓ.ም. ገበያ ጂ.ቲ.ኦ. የሚባል ኦቶሞቢል አቀረበ። በዚያን ጊዜ የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ የሠሩት ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ ለትልቁ መኪና የተዘጋጀውን የ6.4 ሊትር ሞተር በመካከለኛው መኪና ውስጥ አስገቡት። ኩባንያው በመካከለኛ መኪና ውስጥ ከ5.4 ሊትር የበለጠ ሞተር እንዳይገባ ደንብ ነበረው። እነርሱ ግን ትልቁን ሞተር ገዢው ከወደደ የሚጨመርለት ዕቃ ነው ብለው በዝርዝር ውስጥ ስለ ጻፉት ደንቡን በብልሃት አለፉት። ሞተሩ ባንድ ባለ 4 አፍ ካርቡራቶር 325 የፈረስ ጉልበት፣ በሦስት ባለ 2 አፍ ካርቡራቶሮች ደግሞ 348 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ተነገረ። በዚያው ዓመት ሞዴል ብቻ ከ32,000 በላይ ተሸጠ። ሌሎቹም ኩባንያዎች ይህን ሲያዩ ዝም አላሉም፤ ፎርድ በሚያዝያ 1964 ሙስታንግን፣ ዶጅ ለ1966 ቻርጀርን፣ ሼቭሮሌ ለ1967 ካማሮን አወጡ።

ይህ ዘመን ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት የአየርን ንጽሕና የሚጠብቅ ጥብቅ ሕግ አወጣ። በ1971 ጄኔራል ሞተርስ ሞተሮቹ አነስተኛ እርሳስ ባለበት ቤንዚን እንዲሠሩ ሲል በሲሊንደር ውስጥ የሚደረገውን እመቃ ቀነሰ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም በእነዚህ መኪናዎች ላይ ክፍያውን አስወደዱ። በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ ደግሞ ባለ ትልቅ ሞተር መኪና ለባለቤቱ ሸክም ሆነበት። እንግዲህ ዛሬ በአሜሪካ ቤቶች ጓሮ ውስጥ ተሸፍነው የሚኖሩት፣ እሑድ እሑድም ወጥተው የሚታዩት መኪናዎች የዚያ የአጭር ዘመን ቅሪቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በእነዚያ ዓመታት በማስታወቂያ የሚነገረውን የፈረስ ጉልበት እንዳለ መቀበል አይገባም። እስከ 1971 ድረስ ኩባንያዎቹ ሞተሩን የሚመዝኑት ከመኪናው አውጥተው፣ ያለ ማርሚታ፣ ያለ አየር ማጣሪያና ጉልበት የሚሻሙትን ዕቃዎች ሁሉ ፈትተው ነበር። ከ1972 ወዲህ ግን ሞተሩ በመኪና ውስጥ እንደሚሠራው ሆኖ፣ ዕቃው ሁሉ ተገጥሞለት ይመዘን ጀመር። የሼቭሮሌ ኮርቬት ኤል.ቲ. 1 የሚባለው ሞተር በ1971 330 የፈረስ ጉልበት አለው ሲባል ቆይቶ በ1972 255 ተብሎ ተጻፈ። ሞተሩ ከሞላ ጐደል ያው ነበር፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የቆየ መኪና ገዝቶ «አባቶቻችን ይነዱት የነበረው ጉልበት የት ጠፋ?» ብሎ ቢያዝን፣ ከጉልበቱ አንዱ ክፍል ከመጀመሪያውም በወረቀት ላይ ብቻ እንደ ነበረ ሊያውቅ ይገባዋል።

ዕቃ በቡሎን እያሰሩ ጉልበት የመጨመር ልማድ ከእነዚህ መኪናዎች ይቀድማል። ፎርድ በ1932 ባለ 8 ሲሊንደር መኪና በርካሽ ዋጋ ካወጣ በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች መኪናዎቻቸውን በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ያሽቀዳድሙ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ቪክ ኤደልብሮክ የሚባል መካኒክ ነበር። ይህ ሰው በ1938 ለፎርድ ሞተር የሚሆን አዲስ ማኒፎልድ አሠራ። ማኒፎልድ ማለት ከካርቡራቶሩ የሚወርደውን አየርና ቤንዚን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያከፋፍል የቧንቧዎች ጉባኤ ነው። የእርሱን ዕቃ ያዩ ጓደኞቹ «ለኛም ሥራልን» ይሉት ጀመር፤ ከዚህም ትልቅ የንግድ ሥራ ወጣ። ሞተሩን ሳይሰብሩና ሳይቆርጡ ባንድ ቀን የሚገጠም፣ ካልተስማማም ተፈትቶ የቀድሞው ዕቃ የሚመለስበት መሆኑ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ዛሬም ብልህ የሆነ ባለቤት የፈታውን የፋብሪካ ዕቃ ዘይት ቀብቶ፣ ምልክት ጽፎበት በሣጥን ያስቀምጠዋል፤ የቆየ መኪና ዋጋ ከፋብሪካ አብሮት በወጣው ዕቃ ይለካልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሞተር በመሠረቱ የአየር ፓምፕ ነው። ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ 1 ኪሎ ቤንዚን በሙሉ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚን ማብዛት ማንም ይችላል፤ ቀዳዳ ማስፋት ነው። ችግሩ አየሩን ማስገባትና ጭሱን ማስወጣት ነው።

ሒሳቡን ባንድ ምሳሌ እናድርገው። ሼቭሮሌ በ1967 ከካማሮ ጋር ያወጣው 5.7 ሊትር ሞተር እስከ ዛሬ ድረስ በመካኒኮች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ሲሊንደሮቹን ሁሉ አንድ ጊዜ የሚሞላው በ2 ዙር ነው። በደቂቃ 5,000 ጊዜ ቢዞር 2,500 ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። 2,500 በ5.7 ሲባዛ 14,250 ሊትር አየር ይሆናል። ሲሊንደሩ ግን በጥድፊያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ 80 ከመቶ ይሞላል ብንል 11,400 ሊትር ይቀረናል። እንግዲህ በንግድ ቤት «600» ተብሎ የሚሸጠው የተለመደ ካርቡራቶር በደቂቃ 17,000 ሊትር ያህል አየር ያሳልፋል። ለዚህ ሞተር ከበቂ በላይ ነው። «850» የሚባለው ደግሞ 24,000 ሊትር ያሳልፋል። ወጣቱ ገንዘቡን ይዞ ሲሄድ የሚመርጠው ትልቁን ነው። ትልቁ ግን ለእርሱ ሞተር አይበጅም። ምክንያቱም ካርቡራቶር ቤንዚኑን የሚስበው አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ በሚፈጠረው የግፊት መቀነስ ነው። ጉሮሮው ሲሰፋ አየሩ ይዝላል፤ አየሩ ሲዝል ቤንዚኑ በደንብ አይበተንም። በዚህ ጊዜ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ያስላል፤ ቤንዚን ይፈጃል፤ ጉልበቱም በከተማ መንገድ ላይ ከቀድሞው ያንሳል። ገዢው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ድካም ገዛ ማለት ነው።

ስለዚህ ማናቸውንም ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚደረጉ ሁለት ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሞተሩን ማከም ነው። ሃምሳና ስድሳ ዓመት የቆየ ሞተር ጤነኛ ነው ብሎ መገመት አይገባም። በእያንዳንዱ ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ላይ የግፊት መለኪያ አስገብቶ እመቃውን መለካት ያስፈልጋል። ሰባቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ቁጥር አሳይተው ስምንተኛው በጣም ቢያንስ፣ ወይ የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል፣ ወይ ቫልቩ አይዘጋም፣ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ አዲስ ካርቡራቶር ማሰር ሳንባው ለታመመ ሰው አዲስ ኮት እንደ መግዛት ይቆጠራል።

ቀጥሎ የብልጭታው ጊዜ ይታያል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር፣ በሴኮንድ አንድ ሺህኛ ክፍል ውስጥ ብቻ 18 ዲግሪ ይዞራል። እሳቱ ደግሞ ቤንዚኑን በሙሉ እስኪያዳርስ ከዚህ የሚበልጥ ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ ካንዴላው መብራት ያለበት ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ነው። ለጠቀስሁት የሼቭሮሌ ሞተር በፈጣን ዙር ብዙ ጊዜ ከ32 እስከ 36 ዲግሪ ቀድሞ እንዲበራ ይደረጋል። ከዚህ ቢዘገይ ጉልበቱ በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ከዚህ ቢቀድም ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱም ሲበዛ ፒስቶኑን ይበሳል። ይህን ማስተካከል መብራት ያለው መለኪያና አንድ መፍቻ ብቻ ነው የሚፈልገው። የሚገዛ ዕቃ የለውም፤ ሆኖም ብዙ የቆየ መኪና ከዚህ ሥራ የሚያገኘው ጉልበት ከማናቸውም የተገዛ ዕቃ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የቤንዚን ነገር አብሮ መነሣት አለበት። የ1964 ጂ.ቲ.ኦ. እመቃ 10.75 ለ 1 ነበር። ይህን የሚችለው በዚያ ዘመን በእርሳስ የበለጸገ ቤንዚን ነበር። እርሳሱ ለሰው ጤና፣ በተለይም ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ በአሜሪካ ለመንገድ መኪና ከ1996 ጀምሮ ፈጽሞ ተከለከለ፤ በ2021 ደግሞ ከዓለም ሁሉ የመጨረሻ የሆነችው አልጄሪያ መሸጡን አቆመች። ስለዚህ የቆየ ባለ ትልቅ እመቃ ሞተር ያለው ሰው ከሁሉ የተሻለውን ቤንዚን መቅዳትና የብልጭታውን ጊዜ በጥንቃቄ መወሰን ግዴታው ነው።

ሁለተኛው ሥራ ማቆሚያውን ማበርታት ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅርታችሁን እለምናለሁ። በክፍል እንደ ተማርነው የሚሄድ አካል ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ይበዛል። በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ወደ 120 ቢያድግ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ ፍሬኑ የሚሸከመው ግን 2.25 እጥፍ ይሆናል። ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ባለው መኪና፣ በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ፣ ከ80 ለመቆም 35 ሜትር ያህል፣ ከ120 ለመቆም 79 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ነጂው አይቶ እግሩን እስኪያነሣ የሚያልፈው አንድ ሴኮንድ ሲጨመር የመጀመሪያው 57፣ ሁለተኛው 112 ሜትር ይሆናል። አንድ መቶ ሜትር ማለት እኛ በስፖርት ቀን ከዳር እስከ ዳር የምንሮጠው ነው።

እንግዲህ ያ 348 የፈረስ ጉልበት የተባለለት ጂ.ቲ.ኦ. በአራቱም ጎማዎቹ የነበረው የታምቡር ፍሬን ነበር። በታምቡር ፍሬን ሸራው ከውስጥ ሆኖ ታምቡሩን ወደ ውጭ ይገፋል። ደጋግመው ሲይዙት ብረቱ ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ የነጂውም እግር ወደ ታች ይሰምጣል። በዲስክ ፍሬን ግን ሸራው ዲስኩን ከሁለት ወገን ይጨብጠዋል፤ ዲስኩም በነፋስ ላይ ስለሚዞር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጂ.ቲ.ኦ. የፊት ዲስክ ፍሬንን በምርጫ ያገኘው በ1967 ነው። ከዚያም በፊት በተሠሩት በብዙዎቹ የአሜሪካ መኪናዎች የፍሬን ዘይት የሚሄድበት መስመር አንድ ብቻ ነበረ፤ አንዲት ቧንቧ ብትቀደድ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ዛሬ ለእነዚህ መኪናዎች የዲስክ ፍሬንና የፊቱን ከኋላው የሚለይ ዋና የፍሬን ፓምፕ ተሟልቶ ይሸጣል፤ የሚታሰረውም በቡሎን ነው። ከዚህ ጋር አሮጌውን ጎማ በራዲያል ጎማ መለወጥ፣ ያረጀውን አሞርዛተር መጣልና የደኅንነት ቀበቶ ማሰር ይገባል። በሦስት ቦታ የሚታሰረውን ቀበቶ በ1959 ለቮልቮ ያወጣው ኒልስ ቦህሊን የሚባል የስዊድን መሐንዲስ ነው። በአሜሪካ ሕግ አዲስ መኪና ሁሉ ቀበቶ ይኑረው የተባለው ከ1968 ጀምሮ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ያለ ቀበቶ ሊገኝ ይችላል። በቡሎን ከሚታሰረው ዕቃ ሁሉ በርካሽ የሚገዛው፣ ሰውንም የሚያድነው ይህ ነው።

አባቶቻችን «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ይላሉ። መኪናም ሲጠግብ ይዘላል።

ሁለቱ ሥራዎች ከተፈጸሙ በኋላ ጉልበት የሚጨምሩትን ዕቃዎች በየተራ እንመልከት።

አንደኛው ብልጭታ ሰጪው ክፍል ነው። የቆየው ሥርዓት ፑንቲና በሚባሉ ትንንሽ የብረት ጫፎች መከፈትና መዘጋት የሚሠራ ነው። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 5,000 ዙር ሲዞር 20,000 ብልጭታ ይፈልጋል። ጫፎቹ እየተቃጠሉና እየተበሉ ሲሄዱ ክፍተታቸው ይለወጣል፤ የብልጭታውም ጊዜ አብሮ ይዛባል። በእነርሱ ፈንታ የሚገባው ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ በዚያው በዲስትሪቢውተሩ ክዳን ሥር ተደብቆ ይቀመጣል፤ የሚበላ ጫፍም የለውም። ጉልበቱን ብዙ አይጨምርም፤ ነገር ግን ያለውን አያስጠፋም። ሞተሩም በብርድ ጧት ቶሎ ይነሣል።

ሁለተኛው የጭስ መውጫው ነው። ፋብሪካው የሠራው ከወፍራም ብረት የቀለጠ አጭር ማኒፎልድ ነው፤ ከየሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ እዚያው ይጋፋል። በእርሱ ፈንታ የሚታሰረው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ረጅም ቧንቧ የሚሰጥ ነው። ቧንቧዎቹ ወደ አንድ የሚገናኙት ራቅ ብለው ሲሆን፣ የአንዱ ጭስ በፍጥነት ሲያልፍ ከበስተኋላው የሚተወው ባዶነት የሌላውን ጭስ ይስብለታል። ባሕርዩን የሚያሳየው ግን ከእርሱ በታች ያለው ቧንቧና ማርሚታ ሰፊ ከሆነ ነው። የላይኛውን ከፍቶ የታችኛውን ጠባብ መተው የወንዝን ምንጭ አስፍቶ አፉን እንደ መድፈን ነው። ቧንቧው ቀጭን ስለ ሆነ ሙቀቱ በኮፈኑ ውስጥ ይበዛል፤ ስለዚህ ሽቦዎችና የቤንዚን ቧንቧ እንዳይነኩት መጠንቀቅ ያሻል። ማርሚታን ጨርሶ መፍታት ግን ጩኸት እንጂ ጥበብ አይደለም፤ ጎረቤት ያውካል፤ ሕግም ይከለክለዋል።

ሦስተኛው ማኒፎልዱና ካርቡራቶሩ ነው። ስለ መጠኑ ከላይ ተናግሬአለሁ። ለመንገድ መኪና የሚመረጠው ዝቅተኛና መካከለኛ ዙር ላይ የሚሠራ የአሉሚኒየም ማኒፎልድና፣ ሁለተኛዎቹን ሁለት አፎች ሞተሩ አየር በፈለገ ጊዜ ብቻ ራሱ የሚከፍት መካከለኛ ካርቡራቶር ነው። አሉሚኒየሙ ከብረቱ በብዙ ኪሎ ስለሚቀል የመኪናው አፍንጫ ይቀልለታል። ለእሽቅድምድም የተሠራው ማኒፎልድ ግን የሚሠራው ከፍ ባለ ዙር ላይ ብቻ ነው፤ በከተማ ውስጥ ለሚሄድ ሰው አይጠቅምም።

አራተኛው ከኋላ ያለው የዲፈረንሻል ጥርስ ነው። ይህ የሞተሩን ጉልበት አንዲት ፈረስ እንኳ አይጨምርም፤ ነገር ግን በጎማው ላይ የሚሰማውን ይለውጣል። 3.08 የነበረው ጥርስ በ3.73 ቢተካ ጎማውን የሚያዞረው ኃይል በ21 ከመቶ ይጨምራል። ዋጋውም በግልጽ ይታወቃል፤ 66 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ጎማ ይዞ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲሄድ በደቂቃ 2,480 ያህል ይዞር የነበረው ሞተር አሁን 3,000 ይዞራል። በረጅም መንገድ ቤንዚን ይበላል፤ ጆሮም ያደክማል። ተፈጥሮ ነጻ ስጦታ አትሰጥም፤ ባንድ እጅ የሰጠችውን በሌላው ትቀበላለች።

አሁን ብዙ ገዢዎች ወደሚታለሉበት ነገር ደርሻለሁ። በንግድ ዝርዝር ላይ ካርቡራቶሩ 20፣ ማኒፎልዱ 20፣ የጭስ መውጫው 20 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ ተጻፈ እንበል። ገዢው ደምሮ 60 አገኘሁ ይላል። ይህ ድምር ግን ልክ አይደለም። አየሩ ከማጣሪያው ተነሥቶ እስከ ማርሚታው ጫፍ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፤ የሚወስነውም ከሁሉ ጠባቡ ቦታ ነው። ጠባቡ ቦታ ቴስታታው ውስጥ ያለው የቫልቭ በር ከሆነ፣ ከበላዩና ከበታቹ የቱንም ያህል ቢሰፋ አየሩ እዚያው በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ስለዚህ ዕቃዎቹ የሚመረጡት እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ፣ ሁሉም ባንድ የዙር መጠን ላይ እንዲሠሩ ሆኖ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሆናል። መጠነኛ የሆኑ ተስማሚ ዕቃዎች፣ እያንዳንዳቸው ታላላቅ ሆነው ከተጣሉት ይበልጣሉ። ዕቃውንም ባንድ ጊዜ ሁሉን ከመግጠም አንድ አንዱን ገጥሞ፣ በዚያው መንገድ ላይ ነድቶ፣ ውጤቱን በደብተር መጻፍ ያሻል። ያለዚያ የረዳውን ካጠፋው ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በላቦራቶሪያችን ውስጥ መምህራችን «አንድ ነገር ብቻ ለውጡ» እያሉ የሚያስጠነቅቁን በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ የምጨምረው ነገር አለ። ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ባለችው በዴንቨር ከተማ ያሉ ባለ መኪናዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በላይ፣ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። በባሕር ዳርቻ 300 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ካርቡራቶር ያለው ሞተር እዚህ ቢመጣ ወደ 225 ይወርዳል፤ ይህን የሚመልስ ማናቸውም ማኒፎልድ የለም። ከዚህም በላይ ለባሕር ዳርቻ የተለካው የቤንዚን ቀዳዳ እዚህ ይበዛል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ ማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። መድኃኒቱ አነስ ያለ ቀዳዳ ያላትን ትንሽ የናስ ቡሎን በካርቡራቶሩ ውስጥ መለወጥ ነው። ባንድ መፍቻ ይለወጣል፤ ዋጋውም ከምሳ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ትልቅ ካርቡራቶር ከማሰር ይልቅ ትንሽ ቀዳዳ የሚረዳበት ቦታ መኖሩን አስተውሉ።

በመጨረሻም ይህ ጉልበት የሚውልበትን ቦታ ልናገር። በአሜሪካ ከጦርነቱ በኋላ ወጣቶች መኪናዎቻቸውን አበርትተው በከተማ መንገድ ላይ በሌሊት ይሽቀዳደሙ ነበር። ሰዎችም ይሞቱ ነበር። በ1951 ዋሊ ፓርክስ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ብሔራዊ የእሽቅድምድም ማኅበር አቋቋመ፤ ዓላማውም ወጣቶቹን ከመንገድ አንሥቶ ቀጥ ወዳለ፣ ሕግ ወዳለበት፣ ተመልካቹም ከሜዳው ርቆ ወደሚቆምበት ቦታ መውሰድ ነበር። መኪናው ከመወዳደሩ በፊት ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ቀበቶው ይመረመራል፤ ያልተሟላለት አይገባም። እነዚህ ሰዎች ፍጥነትን አልጠሉም፤ ቦታውን ለዩለት እንጂ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእኛ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቻችን 18 ዓመት ሞልቶናል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ አንዳንዶቻችን የአባታችንን መኪና፣ አንዳንዶቻችን የመሥሪያ ቤት መኪና፣ ሌሎቻችን ደግሞ በጋራዥ የሰውን መኪና በእጃችን እንይዛለን። በመንገዳችን ላይ እናቶች ከገበያ ይመለሳሉ፤ ሕፃናት ከዚህ ትምህርት ቤት ይወጣሉ፤ ከብትም ይሻገራል። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ለእነርሱ ሕይወት ነው። ደንበኛ መጥቶ «ጉልበት ጨምርልኝ» ቢለን፣ መካኒክ የምንሆነው በመጀመሪያ ፍሬኑን እናሳየው። ነጂ የምንሆነውም የኮፈኑን ውስጥ ከማድነቃችን በፊት ጎንበስ ብለን ጎማውን እንይ።

ከዚህ ሌላ ይህ ሥራ ለአእምሮ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። የቆየ ሞተር ፈትቶ ያሰረ ሰው ሙቀትን፣ ግፊትን፣ ፍጥነትንና የኤሌክትሪክን ጠባይ በጣቶቹ ያውቀዋል። ዛሬ አዲስ መኪናዎች በኮምፒውተር ስለሚታዘዙ ኮፈናቸውን ብንከፍት የምናየው ክዳን ብቻ ነው። አሮጌው ግን ክፍት መጽሐፍ ነው፤ አየሩ የት እንደሚገባ፣ እሳቱ የት እንደሚነሣ፣ ጭሱ የት እንደሚወጣ በዓይን ይታያል። ትምህርት ቤታችን ወደፊት የመሥሪያ ክፍሉን ሲያሰፋ፣ አንድ ያገለገለ ሞተር ተገኝቶ በጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥልንና የታናናሾቻችን እጅ ቢነካው በበኩሌ እመኛለሁ።